አንድ ፋይል ለአሥራ አራት ቤት

በአንድ ወቅት የአሥራ አራት ድረ ገጾች ጠባቂ ነበርኩ፡፡ ጠባቂ ስላችሁ ዘበኛ ማለቴ ነው፤ ሠርተን ያስረከብናቸው የደንበኛ ድረ ገጾች በታመሙ ቁጥር የሚጠራው እኔ ነኝ፡፡ የሁሉም ሆድ ዕቃ አንድ ዓይነት ነው፤ ምክንያቱም ከሁለተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ያሉት በሙሉ ከመጀመሪያው በኮፒ ፔስት የተወለዱ ናቸው፡፡ እያንዳንዳቸው ውስጥ አንዲት ትንሽ ኮንፊግ ፋይል አለች፡፡ የዳታቤዙ ስም፣ የሰዓት አቆጣጠሩ፣ "ያግኙን" የሚለው ቅጽ ተሞልቶ ሲላክ ኢሜይሉን የሚያደርሰው ሰርቨር አድራሻ፣ ሁሉም እሷ ላይ ነው የሚጻፈው፡፡ አንድ ቀን የኢሜይል ሰርቨሩን ቀየርን፡፡ ተቀመጥኩና ድረ ገጾቹን አንድ በአንድ እየከፈትኩ ያቺን መስመር አስተካከልኩ፡፡ ከሰዓት በኋላዬን በላው፤ ጨረስኩ፤ ማኪያቶዬን ጠጥቼ ቤቴ ገባሁ፡፡

ከሁለት ወር በኋላ የአንድ የጉዞ ወኪል ባለቤት ደወሉልኝ፡፡ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፤ የባሰውም እሱ ነው፡፡ "ልጄ፣ ዘንድሮ ሰዉ የት ገባ? አንድም ጥያቄ አልመጣልንም እኮ" አሉኝ፡፡ እኔ የቀየርኳቸው ለካ አሥራ ሦስት ነበሩ፡፡ የእሳቸው ቅጽ ለጎብኚው ሁሉ "መልእክትዎ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን" እያለ፣ ሁለት ወር ሙሉ ደብዳቤውን ወደ ሞተ ሰርቨር ሲወረውር ከርሟል፡፡ ስንት ሰው እንደጻፈላቸው እስከዛሬ እሳቸውም እኔም አናውቅም፡፡

እንግዲህ ያን ማታ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ "ይሄ ችግር የእኔ ብቻ ሊሆን አይችልም" ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፡፡ ለካስ ሰዎች ከስልሳ ዓመት በላይ ሲታገሉት የኖሩት ነገር ነው፡፡ ታሪኩን ላውጋችሁ፡፡ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ በእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ፡፡)

ነገሩ የሚጀምረው ኤምአይቲ ውስጥ ነው፡፡ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ሲቲኤስኤስ የሚባል፣ ብዙ ሰው አንድ ኮምፒውተር በጋራ የሚጠቀምበት ሥርዓት ነበር፡፡ ሉዊ ፑዛን የሚባል ፈረንሳዊ በየቀኑ ያንኑ የትእዛዝ ሰልፍ እየደጋገሙ መተየብ ሰለቸውና ትእዛዞቹን ፋይል ውስጥ ጽፎ በአንድ ጊዜ የሚያስፈጽም ፕሮግራም ሠራ፡፡ ስሙ "ራንኮም" ነው፤ ትእዛዝ አስኪያጅ እንደማለት፡፡ በኋላ የመጡት የዩኒክስ ሰዎች ስሙን አሳጥረው "አርሲ" አሉት፡፡ ዛሬ አንድ የዌብ ባለሙያ የፕሮጀክቱን ፎልደር ሲከፍት በ"አርሲ" የሚያልቁ ፋይሎች ካጋጠሙት፣ ያቺ ቅጥያ የፑዛን ስልቸታ ቅሪት ናት ማለት ነው፡፡

የእነዚህ ፋይሎች ስም በነጥብ የሚጀምረውና ከዓይን የሚደበቀውስ ለምንድን ነው? ይሄ ደግሞ ያስቃል፡፡ ሮብ ፓይክ የሚባለው የቤል ላብስ ሰው በ2012 እንደጻፈው፣ ነገሩ በስሕተት የመጣ ነው፡፡ የዩኒክስ ሰዎች የፋይል ዝርዝር የሚያሳየውን ትእዛዝ ሲሠሩ "እዚሁ" እና "አንድ ደረጃ ወደላይ" የሚል ትርጉም ያላቸው ባለነጥብ ስሞች እንዳይታዩ ፈለጉ፡፡ ስሙን በሙሉ መመርመር ሲገባቸው የመጀመሪያው ፊደል ነጥብ መሆኑን ብቻ የሚያይ ኮድ ጻፉ፡፡ በዚህ አቋራጭ ምክንያት በነጥብ የሚጀምር ፋይል ሁሉ ተሰወረ፤ ሰዉም "ጥሩ መደበቂያ ተገኘ" ብሎ ኮንፊጉን እዚያ ማከማቸት ጀመረ፡፡ የማይታይ ነገር ደግሞ ይረሳል፡፡ የጉዞ ወኪሉን ፋይል ለረሳሁት ለእኔ ጥሩ ጠበቃ ይሆን ነበር፤ ግን የእኔዋ ፋይል ነጥብ አልነበራትም፡፡

በ1976 እዚያው ቤል ላብስ ስቱዋርት ፌልድማን "ሜክ" የተባለውን ፕሮግራም ሠራ፡፡ የትኛው ፋይል ከየትኛው እንደሚወለድ የሚነግረውን ዝርዝር አንብቦ፣ መሠራት ያለበትን ብቻ የሚሠራ ነው፡፡ እስከዛሬ አገልግሎት ላይ ነው፡፡ በሜክ ፋይል ውስጥ ትእዛዝ የሚጻፍበት መስመር በታብ ካልጀመረና ክፍት ቦታ ብቻ ካለው አይሠራም፤ በዓይን ሲታዩ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው፡፡ በዚህ ምክንያት ሌሊቱን ያነጋ ፕሮግራመር ስፍር ቁጥር የለውም፡፡ ፌልድማን ራሱ እንዳወራው፣ ችግሩን ቶሎ አይቶት ነበር፤ ግን በዚያን ጊዜ ደርዘን የሚሆኑ ተጠቃሚዎች ነበሩት፣ አብዛኞቹም ጓደኞቹ፡፡ እነሱን ላለማስቸገር ብሎ ተወው፡፡ ለደርዘን ሰው ይሉኝታ ተብሎ የተተወች ታብ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ወረሳት፡፡ ይሉኝታ የሐበሻ ብቻ አይደለም ለካ!

ወደ ዋናው ሰው ልምጣ፡፡ ዴቪድ ማኬንዚ ይባላል፡፡ በ1991 ለፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ብዙዎቹን የግኑ መገልገያ ፕሮግራሞች ይጠብቅ ነበር፡፡ እንደኔ ዘበኛ ነው በሉት፤ ግን የእሱ ግቢ ሰፊ ነው፡፡ በዚያ ዘመን ዩኒክስ አንድ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ቅጂ ይሸጣል፣ አንዱ ጋ ያለው ሌላው ጋ የለም፡፡ ስለዚህ አንድ ፕሮግራም የሚጭን ሰው "የእኔ ማሽን ይህ አለው፣ ያ የለውም" እያለ ሃያ የሚሆኑ አማራጮችን በእጁ መሙላት ነበረበት፡፡ ማኬንዚ ይህን ግምት ማሽኑ ራሱ እንዲሠራ "ኮንፊገር" የሚባል ስክሪፕት ጻፈ፡፡ ማሽኑን ይጠይቃል፣ ይሞክራል፣ መልሱን ይሞላል፡፡

እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል፡፡ ከዚያ ምን አደረገ? ስክሪፕቱን ለሌላ ፕሮግራም ኮፒ አደረገና አስተካከለው፡፡ ከዚያ ለሌላም፡፡ ከዚያ ለሌላም! ከተጠቃሚ አስተያየት በመጣ ቁጥር ኢማክስ በተባለው መጻፊያው እየፈለገ፣ እየቆረጠ፣ እየለጠፈ ያንኑ ለውጥ በሁሉም ላይ መድገም ሆነ ሥራው፡፡ ይሄን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ፡፡ እኔ ነኝ እኮ!

እንዲህ እያለ ሳለ ሪች መርፊ የተባለ፣ የግኑ የሥዕል መገልገያዎችን የሚጠብቅ ሰው ደብዳቤ ላከለት፡፡ ስክሪፕቶቹ ግሩም እንደሆኑ ገልጾ፣ እነሱን የሚያመርትበት መሣሪያ ካለው እንዲልክለት ጠየቀው፡፡ ማኬንዚ መሣሪያ አልነበረውም፤ በእጁ ነበር የሚሠራው፡፡ ደብዳቤው ግን ሊኖረው እንደሚገባ አሳሰበው፡፡ "አውቶኮንፍ" የተወለደው ከዚያ ነው፡፡ ጠባቂው አጭር ዝርዝር ይጽፋል፤ አውቶኮንፍ ከዝርዝሩ ረጅሙን ስክሪፕት ያመርታል፡፡ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ የተመረተው ስክሪፕት ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ይታደላል፡፡ የሚጭነው ሰው አውቶኮንፍ አያስፈልገውም፡፡ ማስተካከያው አንድ ቦታ ነው፣ ውጤቱ ግን በየቤቱ አለ፡፡ ይህን በኋላ እመለስበታለሁ፡፡

ከሁለት ዓመት በኋላ በ1993 ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማርክ በርጀስ የሚባል የፊዚክስ ሰው ሲኤፍኤንጂን የተባለውን ሠራ፡፡ እሱም የተለያዩ ዩኒክሶችን ጥበቃ ተጥሎበት ነው፡፡ የበርጀስ ሐሳብ "ይህን አድርግ፣ ቀጥሎ ያን አድርግ" ማለትን ትቶ "መጨረሻ ላይ እንዲህ ሆኖ ላግኘው" ማለት ነው፡፡ ማሽኑ እንደዚያው ከሆነ ምንም አይነካም፤ ካልሆነ ወደዚያ ያመጣዋል፡፡ መቶ ጊዜ ቢያስኬዱት መቶ ጊዜም ውጤቱ ያው ነው፡፡ በ2005 የመጣው ፓፔት፣ በ2012 የመጣው አንሲብል፣ ሁሉም የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው፡፡ ስለ ሰርቨሮች ብዙ ማለት ይቻላል፤ የእኔ ጉዳይ ግን የዌብ ፕሮጀክቶች ስለሆኑ ልለፈው፡፡

የዌቡ ጨዋታ የሚጀምረው ከአንድ ኃይለኛ አስተማሪ ነው፡፡ ዳግላስ ክሮክፎርድ በ2002 ጄኤስሊንት የሚባል፣ የጃቫስክሪፕት ኮድህን አንብቦ "እዚህ ጋ ተሳስተሃል" የሚል ፕሮግራም አወጣ፡፡ አስተያየቱ የክሮክፎርድ ነው፤ አልስማማም ብትል የሚሰማህ የለም ማለት ይቻላል፡፡ በ2011 አንቶን ኮቫልዮቭ ከዚሁ ገንጥሎ ለስለስ ያለውን ጄኤስሂንት አወጣ፡፡ በ2013 ደግሞ ኒኮላስ ዛካስ ኢኤስሊንትን አመጣና እያንዳንዱ ደንብ እንደየፍላጎቱ የሚበራና የሚጠፋ ሆነ፡፡ ነፃነት መጣ! ነፃነቱ ግን የራሱን ጣጣ ይዞ ነው የመጣው፡፡ ደንቡ ሁሉ ምርጫ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ፕሮጀክት ውስጥ ምርጫህን የምትዘረዝርበት ረጅም ፋይል ያስፈልግሃል፡፡ አሥራ አራት ፕሮጀክት ካለህ አሥራ አራት ረጅም ፋይል፡፡ ወደ ማኬንዚ ኢማክስ ተመለስን፡፡

የኢኤስሊንት ሰዎች መፍትሔ ውርስ ነው፡፡ ደንቦችህን በአንድ ፓኬጅ አድርገህ ኤንፒኤም ላይ ታወጣለህ፤ እያንዳንዱ ፕሮጀክት በአንድ መስመር "ከእገሌ እወርሳለሁ" ይላል፡፡ ፓኬጁን ስታሻሽል ወራሾቹ ሁሉ ይሻሻላሉ፡፡ የኤርቢኤንቢ መሐንዲሶች ያወጡትን የደንብ ፓኬጅ ኤርቢኤንቢን ተጠቅመው የማያውቁ ፕሮግራመሮች ሳይቀሩ ወረሱት፡፡

በሌላ በኩል መልሱ ኮንፊግን ጨርሶ መደበቅ ነው ያሉ ነበሩ፡፡ በ2016 ፌስቡክ ያወጣው ክሪኤት ሪአክት አፕ ሁሉንም ኮንፊግ አንድ ፓኬጅ ውስጥ ቆልፎ "አንተ ኮድህን ጻፍ" አለ፡፡ መንካት የፈለገ ሰው "ኢጀክት" የሚል ትእዛዝ ይሰጥና የተቆለፈው ሁሉ ፎልደሩ ውስጥ ይዘረገፍለታል፤ መመለሻ ግን የለውም፡፡ ከአባት ቤት እንደመውጣት ነው፤ የወጣ ከዚያ በኋላ ማሻሻያ አይደርሰውም፡፡ ያልወጡትስ? በየካቲት 2025 አባትየው ራሱ ጡረታ መውጣቱ ታወጀ፡፡

እኔ በውርሱ ተማርኬ ነበር፡፡ የጉዞ ወኪሉ ነገር ካቃጠለኝ በኋላ የጋራ የሆነውን ሁሉ አንድ ፓኬጅ አድርጌ አሥራ አራቱንም አስወረስኩ፡፡ አንድ ቦታ ቀይሬ አሥራ አራት ቦታ ሲለወጥ ሳይ የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም፡፡ ለካ ደስታው ስለ ሌላ ጥያቄ እንዳላስብ አድርጎኝ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ የሚጽፈው ሌላ ሰው ቢሆንስ?

ሐምሌ 12 ቀን 2018 የሆነው ይህ ነው፡፡ ከኢኤስሊንት ጠባቂዎች አንዱ የይለፍ ቃሉን በሌላ ድረ ገጽም ይጠቀምበት ነበር፤ ሁለተኛ ማረጋገጫም አላደረገም፡፡ ሌባው በዚያ ገብቶ ሁለት ፓኬጆችን በአዲስ ቁጥር አወጣ፡፡ አንደኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የኢኤስሊንት ቡድን ራሱ የሚወርሰው የጋራ ኮንፊግ! የተጨመረው ኮድ ፓኬጁ በተጫነበት ማሽን ላይ የኤንፒኤምን "አርሲ" ፋይል ፈልጎ፣ ውስጡ ያለውን የመግቢያ ቁልፍ ለሌባው ይልካል፡፡ በዚያ ቁልፍ ደግሞ የሌላ ሰው ፓኬጅ ይከፈታል፤ ከእሱ ወደ ሌላው፡፡ የኮንፊግ ፓኬጅ ገብቶ የኮንፊግ ፋይል ሰረቀ ማለት ነው፡፡ የፑዛን ስልቸታ የት ድረስ እንደመጣ አያችሁልኝ፡፡ ደግነቱ የሌባው ኮድ ራሱ ስሕተት ስለነበረበት አንዳንድ ማሽን ላይ ተሰናክሎ ጮኸና በሰዓታት ውስጥ ተያዘ፡፡ ኤንፒኤምም ከዚያ በፊት የተሰጡ ቁልፎችን በሙሉ ሰረዘ፡፡

ሌባ ባይኖርም እኮ አደጋው አለ፡፡ መስከረም 23 ቀን 2010 ፌስቡክ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ከብዙ ሰው ጠፍቶ ነበር፡፡ የተበላሸ የኮንፊግ ዋጋን ፈልጎ በራሱ የሚጠግን ሥርዓት ነበራቸው፡፡ ዋናው ቅጂ ራሱ ሲበላሽ እያንዳንዱ ማሽን "ልጠግን" እያለ በአንድ ጊዜ ወደ ዳታቤዙ ሮጠ፤ ዳታቤዙ በጥያቄ ብዛት ወደቀ፤ መልስ ያጣው ማሽን ደግሞ "አሁንም ተበላሽቷል" ብሎ እንደገና ይጠይቃል፡፡ በመጨረሻ ድረ ገጹን ራሳቸው አጥፍተው ነው ጩኸቱን ያስቆሙት፡፡

እኔን ያነቃኝ ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም፡፡ ሰኔ 2012 (ይህ በእኛ ነው) መጨረሻ ላይ፣ አርቲስት ሀጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ አገር ምድሩ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ከሁለት ሳምንት በላይም ቆየ፡፡ በዚያ ሰሞን ሰው ስንቱን ሲያጣ የእኔ ችግር ችግር ተብሎ የሚወራ አይደለም፤ ግን የያዝነው ጉዳይ ስለሆነ ልናገር፡፡ አንድ የሥራ ባልደረባዬ አዲስ ላፕቶፕ ነበረው፡፡ ፕሮጀክቱን በፍላሽ ሰጠሁት፡፡ አልተነሣለትም! ኮንፊጉ "ከእገሌ እወርሳለሁ" ይላል፤ እገሌ ደግሞ ውቅያኖስ ማዶ ነው፡፡ ሌላ ባልደረባችን ሳላስወርሰው የቀረ አንድ ያረጀ፣ በኮፒ ፔስት የተሠራ ፕሮጀክት ነበረው፡፡ የእሱ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ፡፡ ሳቀብኝ፤ መብቱ ነው፡፡

ለማኬንዚ መንገድ ያለኝ አክብሮት የተመለሰው ያኔ ነው፡፡ ማስተካከያው አንድ ቦታ፣ ውጤቱ በየቤቱ፡፡ ግን እሱም ቢሆን ቀዳዳ አለው፤ በማሽን የተመረተን ፋይል ማንም አያነብም፡፡ በመጋቢት 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ ከሩቅ ወደ ማሽኑ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ሲቆፍር፣ ኤክስዜድ በተባለው የፋይል ማመቂያ ውስጥ የኋላ በር አገኘ፡፡ በሩን የሚተክለው ቁልፍ መስመር ሰዎች በሚያዩት የኮድ ማከማቻ ውስጥ አልነበረም፤ ለእደላ በታሸገው ጥቅል ውስጥ፣ ኮንፊገር ስክሪፕቱ ከሚመረትባቸው ፋይሎች በአንዱ ላይ ተሸሽጎ ነበር፡፡ የተደበቀበትን ቦታ የመረጠ ሰው የሰውን ጠባይ አጥንቷል፡፡

በሐምሌ 2025 ደግሞ ታሪኩ ተደገመ፡፡ ኢኤስሊንትና ፕሪቲየር የተባለው ኮድ አስተካካይ እንዳይጣሉ አንዳንድ ደንቦችን የሚያጠፋ፣ በሳምንት ከሠላሳ ሚሊዮን ጊዜ በላይ የሚወርድ የኮንፊግ ፓኬጅ አለ፡፡ ሥራው ማጥፋት ብቻ ነው፡፡ ጠባቂው ከኤንፒኤም የመጣ የሚመስል፣ አድራሻው ውስጥ አንዲት ፊደል የተለወጠች ኢሜይል ደረሰው፤ ተታለለና ቁልፉን ሰጠ፡፡ በዚያ ሰዓት አዲሱን ቁጥር የጫኑ የዊንዶውስ ማሽኖች ላይ ጎጂ ፕሮግራም ገባ፡፡ ብዙ ፕሮጀክቶች አዲስ ቁጥር በወጣ ቁጥር ራሱ የሚያሻሽል ሮቦት ስላላቸው፣ ማንም ሰው ሳያየው የገባባቸው ነበሩ፡፡

አሁን እንዲህ ነው የምሠራው፡፡ የጋራው ኮንፊግ በአንድ ፎልደር ውስጥ አለ፡፡ አንድ አጭር ስክሪፕት እሱን አንብቦ ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ የራሱን ፋይል ያመርትና ቅጂውን እዚያው ቤቱ ያስቀምጣል፡፡ በፋይሉ አናት ላይ "ይህ የተመረተ ነው፤ እዚህ አትንኩ" ይላል፡፡ ስክሪፕቱ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ምን እንደተለወጠ አሥራ አራቱንም በዓይኔ አያለሁ፤ አሰልቺ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፡፡ ከዚያ ስክሪፕቱ በእያንዳንዱ ድረ ገጽ "ያግኙን" ቅጽ በኩል አንድ የሙከራ መልእክት ይልክና መድረሱን ይጠብቃል፡፡ የጉዞ ወኪሉ ባለቤት በየጊዜው "ሙከራ" የሚል ኢሜይል ሲደርሳቸው መጀመሪያ ሰሞን ይደውሉልኝ ነበር፤ አሁን ለምደውታል፡፡ በስክሪፕቱ ዝርዝር ውስጥ የእሳቸው ስም የመጀመሪያው ነው፡፡